ምርምራችን ለማን ነው?

(ከአራት የትምህርት ክፍሎች የተውጣጡ ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በዚህ አዳራሽ ቃል እንድናሰማ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የምንናገረው አራት ሆነን ነው። አንዳችን ፋይናንስ፣ አንዳችን የንግድ ሥራ አመራር፣ አንዳችን የመምህርነት ሙያ፣ አንዳችን ማቴሪያል ሳይንስ እንማራለን። ንባቡን የሚያሰማው አንድ ሰው ቢሆንም ጽሑፉ የአራታችን ነው፤ ስሕተት ቢገኝበትም ተወቃሾቹ አራታችን ነን።

ርእሳችን ምርምር ነው። ምርምር የሚለው ቃል በየግቢያችን ከቁርስ እስከ እራት ሲነገር ይውላል። ለአገር ዕድገት መሠረት መሆኑን ሁላችንም በቃላችን አጥንተነዋል። ስለ ምርምር በጠቅላላው ብንናገር እናንተም በጠቅላላው ታጨበጭቡና ወደ ምሳ እንሄዳለን። ስለዚህ ከጠቅላላ ንግግር ይልቅ አንድ ዕቃ ይዘን መጥተናል። ዕቃው በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ብሎኬት ነው። (ሣቅ።) መሣቃችሁ አያስከፋንም፤ ንግግራችን ሲያልቅ ግን ለምን እንዳመጣነው ትረዱልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አራታችንም በየክፍላችን የጥናት ሥራ ታዘዝን። የፋይናንሱ ተማሪ አነስተኛ ድርጅቶች ብድር እንዴት እንደሚያገኙ፣ የንግድ ሥራው ተማሪ ዕቃቸውን እንዴት እንደሚሸጡ፣ የመምህርነቱ ተማሪ ሠልጣኞች የተማሩትን በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያውሉ፣ የማቴሪያሉ ተማሪ ደግሞ የብሎኬት ጥንካሬ ምን እንደሚመስል እንዲያጠኑ ነበር። አንዳችን የሌላችንን ርእስ አናውቅም ነበር። ሁላችንም በየፊናችን መጠይቃችንን ይዘን ከገርጂ ወደ አያት በሚወስደው አቅጣጫ ወደሚገኝ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ሄድን። ቦታውን በማኅበር የተደራጁ ጥቂት ሰዎች ይሠሩበት ነበር። ገንዘብ ያዣቸው አንዲት እናት ነበሩ።

እኒያ እናት የመጀመሪያዎቹን ሦስታችንን በትዕግሥት ተቀበሉ። አራተኛው በሄደ ጊዜ ግን እጃቸውን ከሲሚንቶው አራግፈው፣ «ልጄ፣ እናንተ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች አይደላችሁም እንዴ? ተነጋግራችሁ አንድ ጊዜ ብትመጡ ምን ነበረበት?» አሉት። ከመጠይቁም መካከል «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» ድረስ አምስት ሣጥን ያለበት ነበርና ሲነበብላቸው፣ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ የሚሆናችሁን አንተው አክብብበት» አሉ። ሲሰናበታቸውም አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ውጤቱንስ መቼ ታመጡልናላችሁ?»

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በመጠይቃችን ውስጥ ከነበሩት ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህች ያለ ጥያቄ አልነበረም። የዛሬው ንግግራችን ለእርሷ መልስ መፈለግ ነው።

አስቀድመን ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በተሠራ ጊዜ ከወደ ምሥራቅ ያለው ምድር በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከኮተቤ ማዶ እስከ የካ አባዶ ድረስ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል። የትምህርት ተቋማቱም በዚሁ ወገን ተሰባስበዋል። በኮተቤ መምህራን የሚሠለጥኑበት የትምህርት ዩኒቨርስቲ አለ። በሲኤምሲ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1995 በኮሌጅነት የተመሠረተው የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርስቲ አለ፤ የመንግሥት ፋይናንስና አስተዳደር ከሚያስተምራቸው ናቸው። በገርጂ ዩኒቲ ዩኒቨርስቲ የሒሳብ አያያዝና የንግድ ሥራ ያስተምራል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘወር ሲባል በቂሊንጦ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ይገኛል። ገንዘቡም፣ ንግዱም፣ ትምህርቱም፣ የዕቃው ሳይንስም በታክሲ የሚያደርስ መንገድ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። የምርምር ሰው ግን በየትኛውም ግቢ ቢሆን ከጎረቤት ክፍል ጋር ለመነጋገር ከታክሲ የሚበልጥ ነገር ያስፈልገዋል። ይህ የአንድ ግቢ ጉድለት አይደለም፤ የዩኒቨርስቲ ልማድ በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው።

የኮንዶሚኒየም ግንባታም የተሞከረው በዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተጠናው የአነስተኛ ወጪ ቤት አሠራር በገርጂ ተሞከረ፤ ከዚያም ወደ ሌላው ከተማ ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዓምዱ አርማታ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ አስቀድመው የተሠሩ ቢሞችና በመካከላቸው የሚገቡ ብሎኬቶች ናቸው። ዓላማው ቤት መሥራት ብቻ አልነበረም። ብሎኬቱንና ቢሙን የሚያመርቱ፣ በርና መስኮቱን የሚሠሩ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ተቋቁመው ለወጣቱ ሥራ እንዲገኝ ታስቦ ነበር። ቤት ፈላጊውም በየአቅሙ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 በሚባሉት መንገዶች አስቀድሞ እየቆጠበ፣ ቀሪውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሚገኝ የረጅም ጊዜ ብድር እንዲከፍል ተደረገ። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ከ900,000 በላይ ሰው መመዝገቡ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

እንግዲህ አንድ ብሎኬት ስናነሣ የምናነሣው ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ አይደለም። የአንዱን እንጀራ፣ የሌላውን ቁጠባ፣ የሦስተኛውን የሃያ ዓመት ዕዳ ነው የምናነሣው። አሁን አራታችንም በየተራ ያየነውን እንናገር።

የማቴሪያል ሳይንሱ ተማሪ የሚለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚጠነክር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር የሚሆን ዕቃ ነው፤ የሚጠነክረውም ውሃ እስካገኘ ድረስ ነው። ቶሎ የደረቀ ብሎኬት የበሰለ ሳይሆን የተቋረጠ ነው። በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራ ኮንክሪት በ7 ቀን ከሚደርስበት ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ያገኛል፤ መሐንዲሶች ጥንካሬውን የሚለኩት በ28ኛው ቀን የሆነው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሲቦካ ውሃ ሲበዛበት ይደክማል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1918 በቺካጎ ደፍ ኤብራምስ የተባለ ተመራማሪ በብዙ ሙከራ አረጋግጦ ሕግ አድርጎታል። በአጭሩ ሲቦካ ውሃ መቆጠብ፣ ከወጣ በኋላ ውሃ መለገስ ነው። ደግሞም ብሎኬት እየደረቀ ሲሄድ በጥቂቱ ይሰበሰባል። ሳይሰበሰብ ከተገነባ ግድግዳ ላይ ሆኖ ይሰበሰባልና ልስኑ ይሰነጠቃል።

በሄድንበት ማምረቻ ብሎኬቱ ጥቂት ቀን ውሃ እየጠጣ ከሰነበተ በኋላ በሳምንቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በፊት ይሸጥ ነበር። ውሃውም ራሱ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜል ተቀድቶ የሚጠበቅ ነበር። የማቴሪያሉ ተማሪ በጽሑፉ መደምደሚያ ላይ «አምራቾቹ ስለ ውሃ ማጠጣት በቂ ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ ጻፈ። ጥሩ ማርክም አገኘ።

የመምህርነቱ ተማሪ ደግሞ ይህን አየ። ከሠራተኞቹ ወጣቶች አብዛኞቹ ሥልጠና ወስደዋል። አንዱ «ኪዩሪንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነፊደሉ ያውቃል፤ በፈተናም ጽፎ አልፏል። ለምን ውሃ እንደሚጠጣ ሲጠየቅ ግን «እንዲቀዘቅዝ ነው» አለ። ቃሉን ተምሯል፤ ምክንያቱን አልተማረም። እኒያ እናት ግን ቃሉን ሳያውቁ፣ «ሊጥም እኮ ሳይቦካ ቢጋገር እንጀራ አይሆንም፤ ይህም ቀኑን ይፈልጋል» አሉ። ወላጆቻችን የጭቃ ቤት ሲሠሩ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረግጠው፣ እያራሱ አሰንብተው፣ እንደገና ረግጠው ነበር የሚለጥፉት። የማሰንበት ትምህርት በአገራችን አዲስ አይደለም ማለት ነው። አስተማሪው ከሊጡ ተነሥቶ ወደ ሲሚንቶው ቢሄድ መንገዱ አጭር ነበር፤ በባዕድ ቃል ስለ ጀመረ ረዘመበት። የመምህርነቱ ተማሪም «የሥልጠናው ዘዴ ሊሻሻል ይገባል» ብሎ ጻፈ። እርሱም ጥሩ ማርክ አገኘ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጽሑፎች እንዴት እንደሚጣሉ ልብ በሉ። አንዱ «አያውቁም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ገንዘብ ያዧ እንደሚያውቁ ጽፏል። ካወቁ ለምን ሸጡ?

መልሱ በንግድ ሥራው ተማሪ ደብተር ውስጥ ነበር። እናቲቱ ለእርሱ የነገሩት፣ «ልጄ፣ ብሎኬቱ ተኝቶ ሲጠነክር እኛ ምን በልተን እንቆይ?» የሚል ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለስሌት እንዲቀል የተወሰደ እንጂ የዚያ ማምረቻ ሒሳብ አይደለም። አንድ ቦታ በየቀኑ 500 ብሎኬት ያወጣል፤ የአንዱ ወጪ 20 ብር ነው እንበል። በ7 ቀን የሚሸጥ ከሆነ ምንጊዜም ግቢው ውስጥ የሚተኛው ብሎኬት 3,500፣ የተያዘው ገንዘብም 70,000 ብር ነው። በ28 ቀን የሚሸጥ ከሆነ የሚተኛው 14,000፣ የተያዘው ገንዘብ 280,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 210,000 ብር ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ማኅበር ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም።

ሌላም ችግር አለ። የ7 ቀኑና የ28 ቀኑ ብሎኬት በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ገዢው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ የታገሠው ይከስራል፣ የቸኮለው ያተርፋል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ጥራት በማይታይበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ያስወጣዋል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ነገሩን ለማወቅ ኖቤል አላስፈለገም፤ ማንም ብሎኬት ሻጭ ይነግራችኋል። የንግድ ሥራው ተማሪ «የገበያ ትስስር ያስፈልጋል» ብሎ ጻፈ። ማርኩን አትጠይቁን። (ሣቅ።)

የፋይናንሱ ተማሪ የጻፈው ስለ ብድር ነው። አነስተኛ ድርጅት ባንክ ሲሄድ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይባላል። ብሔራዊ ባንክም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ብድር በተወሰነ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀርበት ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ዳሩ ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ መሣሪያም ሆነ በመጋዘን የተከማቸ ሸቀጥ ሊያዝ ይችላል። እንግዲህ በዚያ ግቢ ተደርድሮ ውሃ የሚጠጣው ብሎኬት በሕግ ፊት ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ እየጠነከረ የሚሄድ መያዣ ነው። የፋይናንሱ ተማሪ አዋጁን ጠቅሷል። ብሎኬት 28 ቀን መተኛት እንዳለበት ግን አያውቅም ነበርና ሁለቱን አላገናኛቸውም።

አራታችን የተገናኘነው ጽሑፎቻችን ታርመው ከተመለሱ በኋላ በካፌ ውስጥ በአጋጣሚ ነው። አንዱ ስለ እኒያ እናት ሲያወራ ሌላው «እኔም እኮ አውቃቸዋለሁ» አለ። በወረቀት መጠቅለያ ላይ ቁጥሩን ጻፍን። 28ቱን ቀን የማቴሪያሉ ተማሪ ሰጠ። 500ውን ብሎኬትና 20 ብሩን ለመነሻ ያህል የንግድ ሥራው ተማሪ አቀረበ። ለልዩነቱ ለ210,000 ብር በዓመት በመቶ 18 ወለድ ቢከፈል 37,800 ብር እንደሚሆን የፋይናንሱ ተማሪ አሰላ። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 150,000 ብሎኬት ይወጣል። 37,800ውን ለ150,000 ስናካፍለው አንድ ብሎኬት የሚደርሰው 25 ሳንቲም ገደማ ነው።

ጓደኞቻችን፤ ሃያ አምስት ሳንቲም! ተጨማሪውን ሃያ አንድ ቀን የመታገሥ ዋጋ ለአንድ ብሎኬት ይህን ያህል ነው። የቦታው ኪራይ ይጨመርበታል፤ አምስት አምስት ተደራርቦ ቢቀመጥ እንኳ 14,000 ብሎኬት ክፍተቱን ሳንቆጥር 224 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ውሃውም፣ የሚያጠጣውም ሰው ይጨመራል። ይህን ሁሉ ጨምረን ሦስትና አራት ጊዜ ቢያድግ እንኳ ከ20 ብር ፊት ትንሽ ነው። ለማምረቻው የከበደው የመታገሡ ዋጋ ሳይሆን የመታገሻውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘቱ ነበር። ለዚህ ደግሞ አገራችን ዕቁብን የመሰለ ዘዴ ታውቃለች፤ በየተራ ትልቁን ገንዘብ በአንድ ጊዜ የመያዝ ዘዴ ማለት ነው። እንግዲህ ሕጉም አለ፣ ልማዱም አለ፣ ሳይንሱም አለ። የጠፋው ሁሉን አንድ ላይ አድርጎ ለእኒያ እናት በአማርኛ የሚነግራቸው ሰው ነው። ያ ሰው እኛ ልንሆን ይገባን ነበር።

በሌላው ጫፍ ያለውን ሰውም አንርሳ። ቤት የደረሰው ሰው 100,000 ብር በመቶ 9.5 ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደር በየወሩ 932 ብር ያህል፣ በጠቅላላው 223,700 ብር ያህል ይከፍላል። ይህም ለምሳሌ ነው፤ የዛሬ ቤት ዋጋ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ታውቃላችሁ። የኮንዶሚኒየም ሕንፃ የሚቆመው በአርማታው ዓምድ ስለ ሆነ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ሕንፃው ይወድቃል አንልም፤ ሰውን በከንቱ ማስፈራራት የተማሪ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ዓመት ልስኑ የተሰነጠቀበት፣ ምስማር ሲመታ ግድግዳው የሚረግፍበት ቤተሰብ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ዕዳ ይቀረዋል። ያንኑ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለባንኩ፣ አንድ ጊዜ ለግንበኛው። ግድግዳ ከዕዳው በፊት ማርጀት የለበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በሃያ አምስት ሳንቲም የታጠቅነው ችኮላ በሃያ ዓመቱ ውስጥ ይፈታብናል።

አሁን የምንናገረው የሚያሳፍረንን ነው። ቁጥሩን ካገኘን በኋላ ወዲያው አልሄድንም። ፈተና ነበረ፤ ከዚያ ዕረፍት ሆነ፤ ከዚያ አዲስ ዓመት ገባ። ከዓመት በኋላ አራታችን በአንድ ታክሲ ተሳፍረን ሄድን። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። በሩ ላይ የነበሩት ዘበኛ ማኅበሩ ከተበተነ ወራት እንዳለፉ ነገሩን። እኒያ እናት ወደ አራብሳ በኩል ሄደዋል ይባላል እንጂ አድራሻቸውን የሚያውቅ አልተገኘም። ለምን እንደ ተበተነ ዘበኛው አያውቁም፤ እኛም አናውቅም። በጊዜው ሄደን ብንነግራቸው ኖሮ ማኅበሩ አይበተንም ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኒያ ሴትዮ አራት ቀን ሥራቸውን አቋርጠው አራት ምሩቃን እንዲወጡ ረድተዋል፤ በምላሹም ከእኛ አንዲት ወረቀት አልደረሰቻቸውም። ጽሑፎቻችን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በአራት የተለያዩ ክፍሎች፣ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ተቀምጠዋል። እርሳቸው ቢመጡ እንኳ አያነቧቸውም።

በዩኒቨርስቲያችን ታሪክ ይህን ዕዳ አስቀድመው ያሰቡ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም፤ እንዳለ ይመለስ ብለንም አንጠይቅም። የተመሠረተበት ሐሳብ ግን፣ ሕዝብ ያስተማረው ሰው ለሕዝብ የሚመልሰው አለበት የሚለው፣ አላረጀም። ዓመት ባይሆን ሁለት ገጽ መመለስ አያቅተንም።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ሦስት ሐሳቦችን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሰው ጠይቆ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሁለት ገጽ የሚሆን ማጠቃለያ በአማርኛ፣ እንደ ቦታውም በኦሮምኛ ወይም ተጠያቂዎቹ በሚያነቡት ቋንቋ ይዘጋጅለት፤ ጽሑፉ ለፈተና ከመቅረቡ በፊትም ለተጠየቁት ሰዎች ይድረስ። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። በሁለት ገጽ ተራ ቋንቋ ሊነገር የማይችል ውጤት ካለ፣ ምናልባት ገና ውጤት አልሆነም።

ሁለተኛ፤ ማኅበራችን አንድ መዝገብ ይክፈት። ማን፣ ወዴት፣ ስለ ምን ለማጥናት እንደሚሄድ ይመዝገብበት። አራት ሰው በአራት ቀን አንዲት እናትን ከሥራ ከሚያስፈታ፣ አራቱ በአንድ ቀን ይሂዱ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ ጸሐፊ ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፤ መምህራኖቻችን በየዓመቱ አንድ ርእስ ለተለያዩ ክፍሎች ተማሪዎች በጋራ እንዲሰጡ እንለምናለን። በጋራ የተሠራ ሥራ ማርክ ለመስጠት አስቸጋሪ ነው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነትነትም አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ የጻፈውን ክፍል በስሙ ቢፈርምበት፣ መገናኛውን ምዕራፍ ደግሞ ሁሉም ቆመው ቢመልሱበት ችግሩ ይቃለላል። ለመጪው ዓመት ርእስ ቢጠፋ እኛ አንድ አለን፤ እያንዳንዱ ብሎኬት የተሠራበት ቀን ገና እርጥብ ሳለ ቢጻፍበት ገዢው የታገሠውን ከቸኮለው ለይቶ ዋጋ ይሰጥ ይሆን? የማቴሪያሉ ተማሪ ይለካው፤ የንግድ ሥራው ገበያውን ይይ፤ የፋይናንሱ አዋጁንና ዕቁቡን ይመርምር፤ የመምህርነቱ ለሠራተኛውና ለገዢው እንዴት እንደሚነገር ያጥና።

ከመካከላችሁ «ዩኒቨርስቲ የብሎኬት ፋብሪካ አይደለም፤ ንጹሕ ዕውቀትም መፈለግ አለበት» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም እንስማማለን። ኤብራምስም አከርሎፍም በጥሞና ያሰቡ፣ በጥንቃቄ የመረመሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ባንማር ኖሮ ያን ግቢ አይተን ምንም ባልገባን ነበር። የምንለው ዕውቀቱ ዝቅ ይበል ሳይሆን መንገዱን ይጨርስ ነው። ከቺካጎ ተነሥቶ ገርጂ የደረሰ ዕውቀት ከገርጂ ቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ ገርጂ መንደር ሳይደርስ መቅረት የለበትም።

በመጨረሻ ስለዚህ ብሎኬት እንንገራችሁ። ያ ዘበኛ ከአጥሩ ሥር ከቀረው ክምር አንሥተው የሰጡን ነው። «ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ነበር። በጎኑ ላይ ቀን አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ በስንተኛው ቀኑ ሊሸጥ እንደ ነበረ አናውቅም። ዛሬ ግን ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ጠንክሯል ብለን እናምናለን። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ቢፈቅድልን የምርምር መዝገቡ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ደግፎ እንዲቆም እንፈልጋለን። መጠይቅ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ሲፈርም ያየዋል፤ «ውጤቱንስ መቼ ታመጡልናላችሁ?» የሚለውንም ጥያቄ ያስታውሰዋል።

እኒያን እናት ግን መፈለጋችንን አልተውንም። በአራብሳ አካባቢ የምትኖሩ ጓደኞች ብትረዱን ውለታችሁን አንረሳም። የምናደርስላቸው ሁለት ገጽ ወረቀት አለን።